የሻጭ ጉርሻ

በድሮ ዘመን፣ በሬ በስሙ ሲጠሩት ዞር ብሎ በሚያይበት ዘመን፣ ቢሻው የሚባል አንድ የከብት ነጋዴ ነበር። ብልጥ ነው። ቅቤ ምላስ ነው። ሲስቅ ጥርሱ ያምራል። ክፉ ሰው ነው ብላችሁ እንዳትቸኩሉብኝ፤ ክፉ አልነበረም። ደግም አልነበረም። ነጋዴ ነበር፣ በቃ።

ቢሻው ከብት ያውቃል። ከከብት አስበልጦ የሚያውቀው ግን ከብት የሚገዛውን ሰው ነው። "በሬ ሁሉ አንድ ነው፤ የሚለያየው ገዢው ነው" ይል ነበር። እንዴት ነው የሚለያየው? ቆዩ፣ ልንገራችሁ።

ሾላ ሜዳ የሚባል አገር ነበር። ለሾላ ሜዳ ሰው ሥጋ ማለት ጮማ ነው። ቀዩን ብታቀርቡለት "ይህን ለድመቷ ስጧት" ይላል። ጮማ የበላ ሰው ብርድ አይደፍረውም፣ ሳል አይጠጋውም፣ ጉልበቱ አይከዳውም ብሎ ያምናል። ስለዚህ በሬ ሲገዛ ዓይኑን ትቶ እጁን ይልካል። ሻኛውን ይጨብጣል፣ ጎድኑን ይዳስሳል፣ የጅራቱን ሥር ይቆነጥጣል።

ቢሻው ምን አደረገ? አጥንቱ የሚቆጠር አንድ ሽማግሌ በሬ ነበረው። ጨው አላሰው፣ አላሰው፣ አላሰውና ወንዝ አወረደው። በሬው ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣ። ሆዱ ከበሮ አከለ። የሾላ ሜዳ ሰዎች ዳሰሱት። "በሬ ማለት ይሄ ነው!" አሉና ገዙት። ሲያርዱት ከሥጋው ውሃው በለጠ። ቢሻው ግን ያን ጊዜ ወንዙን ተሻግሮ ነበር።

ግራር ውሃ የሚባል ሌላ አገርም ነበር። የግራር ውሃ ሰው ለጮማ ደንታ የለውም፤ የሚያየው ጠጉሩን ነው። የጥቁር በሬ ሥጋ ለቁርጥማት፣ የጥቁር በሬ ጉበት ለዓይን፣ የጥቁር በሬ መረቅ ለወገብ ይበጃል ይላል። ዳለቻ በሬ ግን፣ ያው አመድማው፣ ሆድ ይነፋል ብሎ በነፃ ቢሰጡት አይነካውም።

ቢሻው ምን አደረገ? ዳለቻ በሬ ወሰደ፤ ጥላሸት በቅቤ ለወሰና ከቀንዱ እስከ ጅራቱ አሸው። በሬው አበራ። የግራር ውሃ ሰዎች አዩት። "መድኃኒት የሆነ በሬ!" አሉና ገዙት። ቆዳውን ሲገፍፉ የገፋፊው እጅ እስከ ክርኑ ጠቆረ። ቢሻው ግን ያን ጊዜ ተራራውን ዞሮ ነበር።

እዚህ ላይ ብትስቁ አልፈርድባችሁም። እስካሁን የተጎዳ የለም፤ የተከፋ እንጂ።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ መስቀል ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ የቢሻው የገዛ ራሱ በሬ ታመመ። ዳለቻ በሬ ነው። ጆሮው ወደቀ። ለሃጩ ተዝረከረከ። ማመስኳት ተወ። ሣር ቢያቀርቡለት ያየውና ፊቱን ያዞራል። ምን እንደያዘው የሚያውቅ አልነበረም፤ እንደማይድን ግን ማንም ያውቅ ነበር።

ሚስቱ አስካለ በሬውን አየችው። ነገር ማስረዘም የማትወድ ሴት ነች።

"ቅበረው" አለችው።

"መቅበር? በቅርጫ ሰሞን? ሰው ሁሉ ተሰብስቦ በሬ ገዝቶ ለመካፈል እየተሯሯጠ?"

"እኛ እንበላዋለን?"

"ኧረ ወዲያ! አብደሻል?"

"እኛ የማንበላውን ማን ሊበላው ነው?"

ቢሻው ብድግ ብሎ በቅሎውን ሊጭን ወጣ።

አሁን የት ይሂድ? ሾላ ሜዳ እንዳይሄድ፣ ውሃውን አልረሱለትም። ግራር ውሃ እንዳይሄድ፣ ጥላሸቱ ገና ከገፋፊው ጥፍር አልለቀቀም። አንድ አገር ብቻ ቀረ፤ ወይራ አምባ። ስለ ወይራ አምባ ሰዎች በገበያ የሚወራ ነገር ነበር፤ "እነሱ በሬ አያዩም" ይባላል። አይጨብጡም፣ አይዳስሱም፣ ጥርስ አይቆጥሩም። ቢሻው ይህን ሲያስብ ልቡ በደስታ ዘለለች። ታዲያ ነጋዴ ሁሉ ለምን እዚያ እንደማይሄድ አልጠየቀም። ብልጥ ሰው አንዳንዴ መጠየቅ ይረሳል።

ያም ሆኖ ለጥንቃቄ ብሎ በሬውን አሰናዳው። በራሱ ፈቃድ አልጠጣ ቢለው ውሃውን በቀንድ ጋተው፤ ሆዱ ተነፋ። ጥላሸት በቅቤ ቀባው፤ ጠጉሩ ጠቆረ። መንደሩ አፋፍ ላይ ሲደርስ ቁንጥር ሚጥሚጣ አፍንጫው ውስጥ እፍ አለበት፤ በሬው አስነጠሰ፣ ራሱን ወዘወዘ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። ለሚያየው ሰው ወይፈን መሰለ።

የወይራ አምባ የቅርጫ ዳኛ አባ ዘለቀ ይባላሉ። ሽማግሌ ናቸው። ዛፍ ሥር ተቀምጠው የጅራፍ እጀታ ይልጣሉ።

"በሬ ይዤ መጥቻለሁ፣ አባቴ" አለ ቢሻው።

አባ ዘለቀ በሬውን አላዩትም። ቢሻውን አዩት።

"መንገድ አድክሞሃል። ተቀመጥ።"

"ሻኛውን አይጨብጡትም?"

"ግድ የለም።"

"ጠጉሩንስ? ጥቁር እኮ ነው።"

"ጥቁር ነው። ደግ።"

"ጥርሱንስ?"

"እኛ ልንበላው ነው እንጂ እሱ ሊበላን ነው እንዴ?" አሉ አባ ዘለቀ፣ እጀታቸውን እየላጡ።

ቢሻው በሆዱ ሳቀ። እንዲህ ያለ ቀላል አገር እያለ በከንቱ ሲደክም መኖሩ ቆጨው።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ" አሉ አባ ዘለቀ። "አንተ የትኛውን ብልት ትወዳለህ? ሽንጡን ነው ጎድኑን?"

"እኔ?"

"አዎ፣ አንተ። በእኛ አገር ሻጭ የቅርጫው አባል ነው። በሬው ሲታረድ መጀመሪያ የሚቆረጠው ለሻጩ ነው። እኛ እጃችንን የምንሰደው እሱ ጎርሶ፣ አኝኮ፣ ሲውጥ አይተን ነው። ዋጋውንም ያን ጊዜ ይቀበላል።"

"ሻጩ ካልበላስ?"

"ካልበላማ ምን ሊደረግ? አይታረድም።"

የቢሻው ቅቤ ምላስ አፉ ውስጥ ደረቀ። ሊሄድ ይችል ነበር። የያዘው የለም። በቅሎው እዚያው ቆማለች፣ መንገዱም ያው እንደመጣበት ነው። ግን ያን ሁሉ ውሃ የጋተ፣ ያን ሁሉ ቅቤ የጨረሰ ነጋዴ ባዶ እጁን ይመለሳል? አስካለ ፊት ይቆማል? ስለዚህ ዋሸ።

"ምን ያደርጋል፣ ዛሬ ኮሶ ጠጥቻለሁ። ሆዴ ሥጋ አይችልም።"

"ኮሶማ ክቡር ነገር ነው!" አሉ አባ ዘለቀ። "ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ኮሶውን በጊዜ መጠጣት አለበት። ሆድህ እስኪረጋ እንጠብቅሃለን። መስቀል እንደሆነ ገና ነው።"

ለቢሻው ቤት ሰጡት፣ መደብ ላይ ቁርበት አነጠፉለት። ኮሶ ለጠጣ ሰው እህል ስለማይሰጥ ግን ሌላው እራት ሲበላ ለእሱ የተልባ ውሃ አቀረቡለት። የጎረቤቱ ወጥ እየሸተተው የተልባ ውሃውን ጠጣ።

ያን ቀን፣ ገና ከእራት በፊት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዲት ሴት ትንሽ ማሰሮ ይዘው መጡ። እመት ደብሬ ይባላሉ። ልጃቸው ስንዱ አራስ ነች፤ ከወለደች ጀምሮ ፊቷ እንደ ሰም ገርጥቷል፣ ከአልጋዋ አልተነሳችም፣ ጡቷም ለሕፃኑ አልበቃ ብሏል።

"ታረደ ወይ?" አሉ እመት ደብሬ።

"አልታረደም" አሏቸው አባ ዘለቀ። "እንግዳው ኮሶ ጠጥቷል።"

"እግዜር ይማርህ፣ ልጄ" ቢሻውን አሉትና ባዶ ማሰሯቸውን ይዘው ተመለሱ።

በማግሥቱ የወይራ አምባ ሰዎች ዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። የሥጋ ወሬ ያዙ። አንዱ "ለእኔ ጉበት ይድረሰኝ፣ ዓይኔ ደክሟል" አለ። ሌላው "ምላሱ ለልጄ ይሁን፣ አፉን አልፈታም" አለ። ሌላዋ ደግሞ "ቅልጥሙ ለአባቴ፣ ጉልበቱን እንዲያጠናለት" አለች። እንዲያ ተባባሉና ሁሉም ቢሻውን አዩት። በሬውን ግን ማንም አላየውም። ብቻ፣ በሬው ያደረው ውሃውን እያስወጣ ነበርና ሆዱ ሟሽሾ ጎድኑ ወጥቷል።

"በሬህ ከሳ" አሉት አባ ዘለቀ።

"መንገዱ ነው" አለ ቢሻው።

"መንገድ ያከሳል" አሉ አባ ዘለቀ። "እንግዲህ ሆድህ ረግቷል። እንረድ?"

"ረስቼው ነበር" አለ ቢሻው፣ "ስለት አለብኝ። ጊዮርጊስን ሳልሳለም ሥጋ ላልቀምስ ተስያለሁ።"

"ስለትማ ክቡር ነገር ነው!" አሉ አባ ዘለቀ። "የእኛም ደብር ጊዮርጊስ ነው። ያውና፣ ተራራው ጫፍ ላይ። አብረን እንወጣለን።"

ወጡ። ሽማግሌው ፊት ፊት፣ ቢሻው እያለከለከ ከኋላ። የተልባ ውሃ ብቻ የጠጣ ሰው ተራራ ሲወጣ ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱ። ተሳለመ። ሲመለሱ የመስከረም ዝናብ ያዛቸው፤ የክረምት ጅራት ስለሆነ ሳይሳሳ ወረደ። ዛፉ ሥር ሲደርሱ በሬው በጥቁር ኩሬ መሀል ቆሟል። ጀርባው ዳለቻ ሆኗል፤ እግሩ ላይ ብቻ ጥቁሩ ተዝረክርኮ ቀርቷል።

"በሬህ ዳለቻ ሆነ" አሉት አባ ዘለቀ።

"ዝናቡ ነው" አለ ቢሻው።

"ዝናብ ያጥባል" አሉ አባ ዘለቀ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እመት ደብሬ ማሰሯቸውን ይዘው መጡ።

"ታረደ ወይ?"

"አልታረደም። እንግዳው ስለት ነበረበት።"

"ስለትህን ይቀበልልህ፣ ልጄ" አሉት። ድምፃቸው ግን ከትናንቱ አንሷል። "አጥሚቱን ሞከርኩላት። ገንፎውን ሞከርኩላት። አልያዝ አላት። ለአራስ እንደ መረቅ ያለ የለም፤ ከጤነኛ በሬ የወጣ ትኩስ መረቅ ብታገኝ ነበር" አሉና ባዶ ማሰሯቸውን ይዘው ተመለሱ።

ያን ማታ ለቢሻው እንጀራ በወጥ ቀረበለት፤ ግን አልበላለት አለ። ሕፃን ሲያለቅስ ከጎረቤት ይሰማዋል። ጡት የጠገበ ሕፃን ልቅሶ አልነበረም። ቢሻው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ነገ ሸጬው እሄዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እኔ አላይም" አለ በሆዱ። ሾላ ሜዳ የሆነውንም አላየም፣ ግራር ውሃ የሆነውንም አላየም። ሁልጊዜ ወንዝ ይሻገር ነበር።

ሲነጋ የመስቀል ዋዜማ ነበር። ቢላዋ ተስሏል። የሙዝ ቅጠል ተነጥፏል። በሬው ቆሟል፣ ግን አራት እግሩ ተራርቆ፣ ራሱን ደፍቶ። ሚጥሚጣው ድሮ አልቋል።

"እህሳ፣ ኮሶህ ወጣ፣ ስለትህ ደረሰ። ሽንጥ ነው ጎድን?" አሉ አባ ዘለቀ።

ቢሻው ጉንጩን ያዘ። "ጥርሴ! ጥርሴን ሲጠዘጥዘኝ አደረ። ማኘክ አልችልም።"

አባ ዘለቀ እጀታቸውን መላጥ አቆሙ። ረጅም ጊዜ አዩት።

"ጥርስ ያማል" አሉ በመጨረሻ። "ሰው አናስጨንቅም። ዛሬ ለአንተ ስንል ደንባችንን እናላላለን። አንተ አትብላ። በሬው ይታረድ፣ ከመረቁ መጀመሪያ የሚወጣው ለአራሷ ይሁን። ማሰሮዋን አንተ በእጅህ ወስደህ አጠጣት። ስትጠጣ ካየን ይበቃናል። ዋጋህን ተቀብለህ፣ በቅሎህን ጭነህ ትሄዳለህ።"

ይኸው! ተፈታ። ከበላተኝነት ዳነ። አሁን የቀረው ማሰሮ መሸከም ብቻ ነው። ቢሻው እንዲህ ያለ ዕድል በሕይወቱ አልገጠመውም።

እመት ደብሬ ወደ እሱ መጡ። ጎንበስ ብለው እጁን ሳሙት። አስቡት፣ ትልቅ ሴት የእሱን እጅ!

"ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጄ። የልጄን ነፍስ መለስክልኝ" አሉና ማሰሯቸውን እጁ ላይ አስቀመጡለት።

ማሰሮዋ ትንሽ ነች። ታጥባ ታጥባ አፏ ሳስቷል። ቢሻው ወደ ውስጥ ተመለከተ። ባዶ ነች። አስካለ የጠየቀችው፣ መልስ ያልሰጣት ነገር ጆሮው ላይ መጣ። እኛ የማንበላውን ማን ሊበላው ነው? መልሱን አሁን አወቀው። የምትበላው ስም አላት። ስንዱ ትባላለች። የምትጠጣበትን ማሰሮም እሱው ይዞታል። ከዚህ ወዲያ የሚሻገረው ወንዝ አልነበረም።

አራጁ ቢላዋውን አነሳ።

"አትረዱት!" አለ ቢሻው። እሱ ራሱ የጮኸው ሰው ማን እንደሆነ ለማየት ዞር ሊል ምንም አልቀረውም። "አትረዱት! በሬው ታሟል። ከቤቴ ሲወጣም ታሞ ነበር። ኮሶ አልጠጣሁም፣ ስለት የለብኝም፣ ጥርሴም ደህና ነው። ፈርቼ ነው ያልበላሁት።"

በሬው የቢሻውን ኑዛዜ ይጠብቅ የነበረ ይመስል ጉልበቱ ታጠፈ። ወደቀ። አልተነሳም።

ማንም አልተሳደበም። ዱላ ያነሳም አልነበረም። አባ ዘለቀ ብቻ ተናገሩ።

"እነሱ በሬ አያዩም እየተባልን እንደምንታማ እናውቃለን። ልጄ፣ ሻኛ ውሃ ይሞላል። ጠጉር ይቀባል። ዓይንም በሚጥሚጣ ይፈጥጣል። የሻጭን ጉሮሮ ግን ምን ታደርገዋለህ? በሬህን አላየንም፤ አንተን ግን ከመጣህ ጀምሮ ስናይህ ሰንብተናል።"

ከዚያ ዶማ ሰጡት። ጉድጓዱን ራሱ ቆፈረ። ጥልቅ አድርጎ ቆፈረ፤ "ጨምር" ሲሉት ጨመረ፣ "ጨምር" ሲሉት ጨመረ፣ "ጨምር" ሲሉት ጨመረ። በሬውን ከነቆዳው ቀበሩት። ቀንዱን ለዋንጫ፣ ቆዳውን ለቁርበት የፈለገ አልነበረም። ውሻ እንዳያወጣው ድንጋይ ከመሩበት።

"አራሷስ?" አለ ቢሻው፣ ላቡን እየጠረገ። ማንም ሳይጠይቀው ነው የጠየቀው፤ ይህን እመሰክርለታለሁ።

"አንተው ታውቃለህ" አሉት አባ ዘለቀ።

በመንደሩ ጥርት ያለ ሙክት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በግ ለመሸጥ አይቸኩልም። "በቅሎህን ካልሰጠኸኝ አልሰጥህም" አለ። በቅሎ በበግ! ቢሻው በቅሎዋን አየ፣ በጉን አየ፣ ማሰሮዋን አየ። ልጓሙን አቀበለው። ነጋዴ ሆኖ በቅሎ በበግ የለወጠ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም፣ ከእሱ በኋላም አልሰማንም።

ሙክቱ ታረደ። መረቁ ወጣ። ቢሻው መጀመሪያ ጠጣ፤ ምላሱን እስኪያቃጥለው ጠጣ፣ ሰው ሁሉ ጉሮሮው ሲወርድና ሲወጣ እያየ። ከዚያ ማሰሮዋን ሞልቶ እስከ ስንዱ ደጃፍ ተሸከመ፤ እመት ደብሬ ተቀብለው ገቡ። ስንዱ ጠጣች። በነጋታውም ጠጣች። ፊቷ ቀስ በቀስ ወዘና አወጣ፣ ከአልጋዋ ተነሳች። የሕፃኑም ልቅሶ የጠገበ ሕፃን ልቅሶ ሆነ፤ እሱማ የጤና ነው።

ቢሻው በእግሩ አገሩ ገባ። ወሬው ግን ቀድሞት ደርሶ ነበር፤ ወሬ በቅሎ አያስፈልገውም። ከዚያ ወዲህ በሬ ይዞ ሾላ ሜዳ ቢሄድ፣ ሻኛውን ጨብጠው ሲያበቁ "ደግ በሬ ነው፤ በል አንተ ጉረስ" ይሉታል። ግራር ውሃ ቢሄድ፣ ጠጉሩን አሽተው እጃቸውን ያዩና "ደግ በሬ ነው፤ በል አንተ ጉረስ" ይሉታል። ወይራ አምባማ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቢሻው የማይበላውን በሬ መሸጥ ተወ። ጤነኛ በሬ እየመረጠ ሸጠ፤ ሰው አመነው፣ ገበያው ደራ።

ይህ ሽልማት ይመስላችኋል? ቆዩ። በየመንደሩ፣ በየቅርጫው፣ በየበዓሉ መጀመሪያ የሚጎርሰው እሱ ነው፤ የሚጎርሰውም ጥሬውን ነው። ጥሬ ሥጋ ሲያዘወትሩት ደግሞ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ። ሁለት ወር በሞላ ቁጥር ማልዳ አስካለ ኮሶውን ትወቅጣለች፣ ትበጠብጣለች፣ በዋንጫ ሞልታ ታቀርብለታለች። ኮሶ እንደሆነ ይመራል። ቢሻው ያየዋል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ይቃጣል፣ ይመልሳል።

"ጠጣው እንጂ" ትለዋለች አስካለ። "ወይራ አምባ ላይ ጠጥቻለሁ ያልከው እኮ ይሄው ነው።"

እናንተም ልጆች፣ ነገ አድጋችሁ ሥጋ ስትገዙ ጮማውንም እዩ፣ ቀለሙንም እዩ፣ ማየት አይከፋም። ከሁሉ በፊት ግን ሻጩን "አንተስ ትበላዋለህ?" በሉት፣ እስኪመልስም ጠብቁት። ሻጭ ስትሆኑ ደግሞ ለልጃችሁ የማታጎርሱትን ለሰው ልጅ አታቅርቡ።

ተረቴ መንገዱን ጨርሶ በረቱ ገብቷል፤ እንደ ጤነኛ በሬ እያመሰኳ ይተኛ።